«ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ» ስለተባሉት ትልልቅ ውሾች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት፣
ለተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጉዳዩ፦ አስቸጋሪ የሆኑ ትልልቅ ውሾች ለማንም እንዲታደሉ የተላለፈው ውሳኔ ስላስከተለው ጉዳት

በያላችሁበት ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

የመሥሪያ ቤታችሁን ስም እዚህ አልጻፍንም። ጉዳዩን የያዛችሁት እናንተ ናችሁና ታውቁታላችሁ። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ የተጣሉ ውሾችን የምናነሳ፣ የምናስከትብ፣ የምናሠለጥንና ቤት የምንፈልግላቸው በጎ ፈቃደኞች ነን። አሥራ አንድ ሰዎች ነን። ሁለቱ የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው። ሌሎቻችን መምህር፣ ሹፌር፣ ተማሪና ጡረተኛ ነን። ደመወዝ የሚከፈለው ከመካከላችን ማንም የለም።

ባለፈው ወር አንድ ደብዳቤ ጻፋችሁልን። በጊዜያዊነት የሰጣችሁን ግቢ እንደሚፈለግ፣ በውስጡ ያሉት ትልልቅ ውሾች በ15 ቀን ውስጥ «ለጠየቀ ሁሉ» እንዲሰጡ፣ ጠያቂ ያጣውም «እንዲወገድ» ይላል። ሙሉ ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው።

በግቢው ውስጥ ዘጠኝ ትልልቅ ውሾች ነበሩ። ደብዳቤው በደረሰን ማግስት፣ 15ቱ ቀን ገና ሳይቆጠር፣ ሠራተኞቻችሁ መጥተው አራቱን በአንድ ጠዋት አደሏቸው። ከአራቱ ሁለቱ ሞተዋል። አንዷ ጠፍታለች። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ክንዱን ተነክሷል። አራተኛው ውሻ ደህና ነው፤ ሄደን አይተነዋል፤ የወሰደው ሰው በጥሩ ሁኔታ ይዞታል። ይህንንም መናገር አለብን።

ግቢው የእናንተ ነው። «ግቢውን መልሱ» ማለት መብታችሁ ነው፤ በዚያ አንከራከርም። ቅሬታችን ውሾቹ በተሰጡበት መንገድ ላይ ነው። ለዚህም በመጀመሪያ መቻል የተባለውን ውሻ ታሪክ በዝርዝር ልንነግራችሁ ይገባል። ምክንያቱም የተነከሰው ልጅም፣ የሞተው ውሻም በዚያ ታሪክ ውስጥ አሉ።

መቻልን ያገኘነው ባለቤቶቹ ውጭ ሀገር ሄደው በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ዘበኛው ደመወዙ ሲቋረጥበት ጥሎ ሄዷል። ጎረቤቶች በአጥር ላይ ዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ ይወረውሩለት ነበር። እነሱ ባይኖሩ በሕይወት አናገኘውም ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። የጀርመን ሼፐርድና የሐበሻ ውሻ ድቅል ነው። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር አይሞላም። የታሰረበት ብረት ዙሪያ መሬቱ እንደ አውድማ ተደልድሏል። ከዚያ ክብ ውጭ ሣሩ እስከ ጉልበት አድጓል። እስከዚያ ቀን ዕድሜውን ያሳለፈው በዚያች ክብ ውስጥ ነው።

የአንገቱ ጠፍር ገና ቡችላ ሳለ የታሰረለት ነው። አንገቱ ሲወፍር ማንም አላላላለትም። ሐኪሞቻችን አደንዝዘው ጠጉሩን ሲላጩት ነው ጠፍሩ ቆዳው ውስጥ እንደገባ ያየነው። በመቀስ አልተቆረጠም። ትንሽ በትንሽ፣ እያጠቡ ነው ያወጡት። ያን ቀን 31 ኪሎ ነበር። በኋላ 42 ኪሎ ገባ።

እንዲህ ያለ ውሻ ሰው ሲቀርበው ይነክሳል። ክፋት አይደለም። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም። መሸሽ ካልቻለ የሚቀረው ራሱን መከላከል ነው። አንዴ ነክሶ ሰው ወደ ኋላ ሲልለት ደግሞ ያ መንገድ እንደሚሠራ ይማራል። ይህን ለማስረሳት ዱላ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጊዜ ነው።

ከመካከላችን አንዱ ሹፌር ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት በሽቦው ማዶ ጀሪካን ገልብጦ ይቀመጥ ነበር። ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ ዓይን ለዓይን አያየውም። የተቀቀለ ጉበት በጣት ጥፍር ልክ እየቆረጠ ይወረውርለታል። ከዚያ ተነሥቶ ይሄዳል። በቃ። በ11ኛው ቀን መቻል ሰውየው ተቀምጦ እያለ በላ። በ23ኛው ቀን ከመዳፉ ላይ ወሰደ። በዚያ ጠዋት ሹፌራችን ሥራ አርፍዶ ነው የገባው።

ከዚያ በኋላ ያየነውን ሁሉ በአንድ ደብተር ጻፍን። ለእያንዳንዱ ውሻ ደብተር አለን። የመቻል ደብተር እንዲህ ይላል። ዣንጥላ ሲዘረጋ ይደነግጣል። ቆብ ያደረገ ወንድ አይወድም። ሲበላ የቀረበውን አይታገሥም፤ መጀመሪያ ማኘኩን ያቆማል፣ ከዚያ ሰውነቱ ይደርቃል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ ከዚያ ያጉረመርማል። ሲያጉረመርም ወደ ኋላ በሉ። በፍጹም አትቆጡት፣ አትምቱት።

የመጨረሻዋ መስመር ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ምክንያት አለን። ማጉረምረም የውሻ ማስጠንቀቂያ ነው። «ተወኝ» ማለቱ ነው። ባጉረመረመ ቁጥር የሚመታ ውሻ ፍርሃቱ አይለቀውም፤ የሚተወው ማስጠንቀቁን ነው። ከዚያ በኋላ ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል።

ለመቻል ሰው ለመፈለግ ሰባት ወር ፈጀብን። ብዙ ጠያቂ መጥቷል። አብዛኛው ሰው ጠንካራ ክንድ ካለው የሚበቃ ይመስለዋል። «እኔ ውሻ አሳድጌአለሁ» የሚለን ደግሞ ብዙ ጊዜ በር ላይ አስሮ ያኖረ ሰው ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። እውነት ነው፣ ካበሉት ይጮኻል። ግን መቼ ዝም እንደሚል፣ ማንን እንደሚያልፍ፣ ልጅ ሲሮጥ ምን እንደሚያደርግ ማብላት ብቻውን አያስተምረውም።

በመጨረሻ አንድ ሰው መጡ። ከሃያ ዓመት በላይ በፖሊስ ሥራ ከውሾች ጋር የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ቤታቸው ትንሽ ልጅ የለም። ግቢያቸው ሁለት በር አለው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ባለቤታቸውም መጥተው አዩት።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሻ እኮ ይነክሳል» አልኳቸው እኔ አስተባባሪዋ።

«አውቃለሁ ልጄ። መቼ መቼ እንደሚነክስ ብቻ ንገሪኝ» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከእሳቸው በፊት የጠየቀን አልነበረም። ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ውሻውን ጭራሽ አላዩትም። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ከእኔ ጋር ስለ ዘንድሮው ዝናብ ሲያወሩ ዋሉ። መቻል ሽቦው ድረስ መጥቶ ጀርባቸውን አሸተተ። ዞር አላሉም። በየቅዳሜው ግማሽ ኪሎ ጉበት በጋዜጣ ጠቅልለው ይመጡ ነበር። በአምስተኛው ቅዳሜ በሁለት ማሰሪያ ይዘው፣ የሽቦ አፍ ማሰሪያውን አድርገውለት፣ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞሩ። ያንን አፍ ማሰሪያ ያስለመድነው ውስጡን የኦቾሎኒ ቅቤ እየቀባን ነው፤ ራሱ አፍንጫውን ያስገባ ነበር። ስድስተኛው ቅዳሜ ለሁለት ቀን ቤታቸው ሊወስዱት ተስማምተን ተለያየን።

ደብዳቤያችሁ ረቡዕ ደረሰ። ሐሙስ ጠዋት ሠራተኞቻችሁ መጡ። አብሯቸው ፒክአፕ ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ብሎኬት ማምረቻ አለው።

«የሚናከሰው የቱ ነው?» አለ። መቻልን አሳዩት። «እሱን ስጡኝ።»

ለሠራተኞቻችሁ ደጋግመን ነገርናቸው። ውሻው ሰው እንደተገኘለት፣ ሁለት ቀን ብቻ እንደቀረው ነገርናቸው። ደብተሩን አወጣን። ጊዜ የለንም ተባልን። አንድ ወረቀት ላይ ስም፣ ስልክና ፊርማ ብቻ ተጻፈ። መቻል በገመድ ታስሮ ፒክአፑ ላይ ወጣ። ደብተሩና የክትባት ካርዱ እጃችን ላይ ቀሩ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ቅሬታችንን እናስቀምጣለን። «ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ» የሚለው ውሳኔ አስቸጋሪውን ውሻ ቀድሞ የሚሰጠው ለማይሆነው ሰው ነው። መናከሱን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ አለ። ፈጥኖ ይመጣል፣ መኪና ይዞ ይመጣል፣ ምንም አይጠይቅም። አምስት ቅዳሜ የሚመላለሰው ሰው በዚህ አሠራር መቼም አይቀድምም። ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ጉበታቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። በሩ ላይ ቆሜ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ቀጥሎ የሆነውን የሰማነው ከማምረቻው ዘበኛ ነው። የተነከሰው ልጅ የእሱ ልጅ ነው። በሦስተኛው ቀን የማምረቻው ባለቤት ምግብ ሲያቀርብለት መቻል አጉረመረመ። ሰውየው በአካፋ እጀታ መታው። «ማን እንደሚያበላው ይወቅ» አለ። በአራተኛው ቀን የልጁ ኳስ ተንከባልሎ የውሻው ሳህን አጠገብ ቆመ። ልጁ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። ዘበኛው ውሻው ማኘኩን ሲያቆም አይቷል። ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም፤ ከየት ያውቃል? በዚያ ቀን መቻል አላጉረመረመም።

አራት ጥርስ ግራ ክንዱ ላይ ገብቷል። የልጁ ሕይወት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አቅም አናገኝም ነበር። በእኛ ሚዛን ልጁ ከውሻው ይቀድማል። ማንም እንዳይጠራጠረን ይህን በግልጽ እንናገራለን። ቤታቸው ሄደን ጠይቀነዋል፤ ክንዱ እየዳነ ነው፤ ኳስ መጫወትም ጀምሯል። ውሻ ግን ሲያይ እናቱ ጀርባ ይደበቃል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ከንክሻው በኋላ ስለተደረገው ነገር ነው። በማግስቱ ጠዋት በእናንተ ትእዛዝ መቻል በመርዝ ሥጋ ተገደለ። ሬሳው በመኪና ተጭኖ ተወሰደ። ክትባት እንዳለው ማንም አልጠየቀም። ማንም ስልክ አልደወለልንም።

እናንተ የዘርፉ ሰዎች ናችሁ፤ ይህን ከእኛ በላይ ልታውቁት ይገባል። ሰው የነከሰ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ለ10 ቀን ተዘግቶ ይጠበቃል። በ10ኛው ቀን በሕይወትና በጤና ካለ፣ በነከሰ ጊዜ በምራቁ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ክትባቱን ወዲያው ይጀምራል፤ ውሻው ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ ግን ሐኪሙ ሊያቋርጥለት ይችላል። ውሻው ከሞተ ደግሞ ጭንቅላቱ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት፤ በሽታው የሚታወቀው ከአንጎሉ ነው። እናንተ ውሻውን ገደላችሁት፣ ሬሳውንም አስወገዳችሁት። ለማወቅ የነበሩትን ሁለቱንም መንገዶች ዘጋችሁ።

የልጁ እናት ከድንጋጤዋ ብዛት ቁስሉ ላይ ቡና ደፍድፋበት ነበር። ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ እናት አይደለችም። የሚያስፈልገው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ቶሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ይህን የሚነግር አንድ ወረቀት በየወረዳው በር ላይ ቢለጠፍ ስንት ሰው ያተርፍ ነበር። እቤቷ ስንሄድ በር ላይ ሳንቀመጥ የጠየቀችን አንድ ነገር ነው።

«እህቴ፣ ውሻው ክትባት ነበረው?»

የመቻልን ካርድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ ማኅተሙን በጣቷ ዳበሰችው። ቀኑን እያነበብኩ ነገርኳት፤ ክትባቱ ዓመት አልሞላውም። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ካርድ ያየችው ልጇ በተነከሰ በዘጠነኛው ቀን ነው። ዘጠኝ ሌሊት እንቅልፍ አልተኛችም። ካርዱ ግን ውሻው በተወሰደበት ሐሙስ ጠዋት በሠራተኞቻችሁ ፊት ነበር።

መርዙን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ስትሪክኒን የሚባለውን መርዝ የበላ ውሻ ቶሎ አይሞትም። ጡንቻው ሁሉ እየተንዘፈዘፈ፣ እያወቀ ነው የሚታፈነው። በጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አስፋልት ዳር የሚያዩት ይህን ነው። ያንኑ ሥጋ ድመት፣ አሞራና የሰው ቤት ውሻም ይበላዋል። ውሾችን መግደል የእብድ ውሻ በሽታን እንደማያጠፋ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል። በተገደለው ቦታ ያልተከተበ ሌላ ይመጣል። በሽታውን የሚያቆመው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ ነው። አገሮች ይህን ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማቆም ግብ ይዘዋል። ስለዚህ የተከተበ ውሻ መርዞ መግደል ለዚያ ሥራ ኪሳራ ነው። መቻልን ለመከተብ ስንት ሳምንት እንደለፋን የምናውቀው እኛ ነን።

ሦስተኛው ቅሬታ ስለ ንግሥት ነው። ንግሥት ሮትዋይለር ናት፣ 45 ኪሎ። ሰው አትነክስም። ሌላ ውሻ ስታይ ግን ሰው ጎትታ ትጥላለች፤ ስለዚህ ነው አስቸጋሪ ከሚባሉት የመደብናት። የወሰዳት ሰው ኃይለኛ እንድትሆን ብሎ ጨለማ መጋዘን ውስጥ አሰራት። ይህ ልማድ በከተማችን እንዳለ ታውቃላችሁ። በጨለማ የታሰረ ውሻ ዘበኛ አይሆንም፤ ሌባውንም የቤቱን ልጅም የማይለይ ፈሪ ይሆናል። ንግሥት ግን እስከዚያም አልደረሰችም። በቀን አንዴ ከሆቴል የመጣ ትርፍራፊ በባልዲ ይደፋላት ነበር። እሷም ርቧት ስለሚቆይ ባንዴ ትውጠዋለች። አንድ ማታ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ልታስመልስ ትሞክራለች፣ ምንም አይወጣትም። ሰውየው ተመርዛለች ብሎ ወተት ሰጣት። የእኛን ስልክ ከሰው አፈላልጎ የደወለው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ሐኪማችን ስትደርስ ሞታለች።

ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች ጨጓራቸው አየር ሞልቶ ሊጠመዘዝ ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ምግባቸውን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠት፣ ከበሉ በኋላ ወዲያው አለማስሮጥ፣ ሆዱ ከተነፋ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ መሮጥ ነው። በንግሥት ደብተር ሁለተኛ ገጽ ላይ ተጽፏል። ደብተሩ አሁንም እኛ ጋ ነው።

ስለ ጠፋችው ብዙ የምንለው የለም። ፈሪ ናት፣ ሁለት በር ያስፈልጋታል ብለን ነበር። አንድ በር ያለው ግቢ ገባች። በመጀመሪያው ማታ በሩ ለመኪና ሲከፈት ወጣች። ጥቁርና ቡናማ ናት፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የለም። ያያት ሰው እንዳይጠራት፣ እንዳያባርራት፤ ያየበትን ቦታ ብቻ ለእኛ ያሳውቀን።

አራተኛው ቅሬታ ስለ ኃላፊነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል። እንስሳው ከእጁ ቢያመልጥም ኃላፊነቱ አይቀርለትም። እንግዲህ የመቻል ባለቤት ማን ነበር? ብሎኬት አምራቹ «መሥሪያ ቤቱ ነው የሰጠኝ» ይላል። ሠራተኞቻችሁ «ፈርሞ ነው የወሰደው» ይላሉ። በወረቀቱ ላይ ውሻው ሰው ሊነክስ እንደሚችል የሚገልጽ አንድ ቃል የለም። ዘበኛው ደግሞ የልጁን የመመላለሻ ትራንስፖርት ከኪሱ እየከፈለ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው ያው ሰው ስለሆነ መጠየቅ ይፈራል።

እኛም ያጠፋነው አለ። ከእናንተ ጋር ስለ ግቢው የተነጋገርነው ሁሉ በቃል ነበር። የእያንዳንዱን ውሻ ሁኔታ ቀድመን በጽሑፍ ብናስገባላችሁ ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ያነበው ነበር። ሁሉም ውሻ ቤት ያገኛል ብለንም አናምንም። ባለፉት ሦስት ዓመታት ሁለት ውሾችን ሐኪሞቻችን በመርፌ አሳርፈዋቸዋል። ከብዙ ወር ሙከራ በኋላ ለሰው አደጋ መሆናቸው ስላልቀረ ነው። ያን ውሳኔ የወሰንነው አብረን ተቀምጠን፣ ውሻውን በስሙ እየጠራን ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ እንዳይኖር አንጠይቅም። ውሻውን የሚያውቀው ሰውና ሐኪሙ ሳይጠየቁ እንዳይወሰን ነው የምንጠይቀው።

ይህን የሚያነብ የከተማችን ነዋሪም አንድ ቃል ስሙን። ትልቅ ውሻ ለመውሰድ ያሰባችሁ ብዙ ናችሁ፤ ደስ ይለናል። ውሻ ቤት አይገባም የሚል ቤተሰብ አለ፤ እኛም ይግባ አላልንም። በረንዳ ላይ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያና የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይበቃዋል። ግን በዓልን አስቡት። በግ ታርዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ልጆች ግቢውን ሞልተው፣ ውጭ ርችት እየተተኮሰ ውሻው የት ነው የሚሆነው? ማን ነው ጠዋት በማለዳ አውጥቶ አንሸራሽሮ ጸጥ ያለ ክፍል የሚያስገባው? ለዚህ ጥያቄ የአንድ ሰው ስም መጥራት የቻለ ቤተሰብ ይምጣ። ያልቻለ ደግሞ ትንሽ ይቆይ፤ ረጋ ያሉ ውሾችም አሉን።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

«ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ» የሚለው ውሳኔ በጽሑፍ ይሻርልን። በእሱ ምትክ አስቸጋሪ ለሆኑ ትልልቅ ውሾች ብቻ የሚሠራ አንድ መመሪያ ይውጣ። ወሳጁ ቢያንስ አምስት ጊዜ መጥቶ ውሻውን ይይ። ቤቱ ይጎብኝ፤ በሩ፣ አጥሩ፣ በቤቱ ያሉት ልጆች ይታዩ። የሁለት ሳምንት የሙከራ ጊዜ ይኑር። አልቻልኩም ብሎ የመለሰ ሰው አይወቀስ፣ ይመስገን እንጂ። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ለሚያስር ሰው ግን አይሰጥ።

ማንኛውም ውሻ ሲሰጥ የክትባት ካርዱና ደብተሩ አብረው ይሂዱ። ወሳጁ ደብተሩን አንብቦ ወይም ተነቦለት ይፈርም። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።

ሰው የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን ተለይቶ የሚጠበቅበት ቦታ ይዘጋጅ። ቦታ እስኪገኝ ድረስ ሐኪማችን በግል ግቢዋ ሁለት የተለዩ ክፍሎች ለመስጠት ተስማምታለች። ቁልፉን ሠራተኞቻችሁ ይያዙት። ምግቡን እኛ እንችላለን።

በመርዝ መግደል ይቁም። ገንዘቡ ለክትባት ይዋል። ለዘመቻው የሚሆን ሰው ከፈለጋችሁ አሥራ አንዳችንም በማንኛውም እሑድ እንወጣለን። ውሻ መያዝ እናውቃለን።

ለተነከሰው ልጅ ቤተሰብ መሥሪያ ቤታችሁ በይፋ ይቅርታ ይጠይቅ። የሕክምናና የትራንስፖርት ወጪያቸውም ይሸፈን። ይህን ጥያቄ አባትየው አላቀረበም፤ እኛ ነን የምናቀርበው።

በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡንና አንድ ጊዜ ቁጭ ብለን እንድንነጋገር እንጠይቃለን።

የቀሩት አምስት ውሾች በየቤታችን ተከፋፍለው አሉ። ሁሉም ተከትበዋል። ከአምስቱ ሦስቱ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋሉ። ደብተሮቻቸው ኮፒ ተደርገው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። ጋሼ ከሦስቱ አንዷን ማየት ጀምረዋል። እስካሁን ሁለት ቅዳሜ መጥተዋል፤ ሦስት ቅዳሜ ይቀራቸዋል። እባካችሁ እስከዚያ ድረስ ፒክአፕ አትላኩብን።

ከሰላምታ ጋር

የተጣሉ ውሾች አሳዳጊ በጎ ፈቃደኞች ስብስብ አስተባባሪ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለከተማው ነዋሪ
ለተነከሰው ልጅ ወላጆች